ለፋሲካ የሚቆም እግር

በሁዳዴ ልኳንዳ ቤት ይዘጋል። ጥጋቡ ግን ቤት መዋል አይሆንለትምና ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ቢላዋውን ይስላል፣ ባዶውን የሥጋ መስቀያ ይወለውላል፣ ከዚያም ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ከቦት ጫማው ያወጣና ያሸልባል። ያ እግር ሪህ ይዞታል። ለፋሲካ ቆሞ ካልቆረጠ ደንበኛው ሁሉ ማዶ ያለው ልኳንዳ ይገባበታል፤ የሚያስፈራው ይኸው ብቻ ነበር።

ሐኪሙ «ዩሪክ አሲድዎ ከፍ ብሏል፤ ሥጋ ይተው» ብለውታል። ለሥጋ ሻጭ እንዲህ ይባላል? የሚስቱ ወንድም ታምራት ደግሞ ጽሑፍ በሌለበት ጣሳ ዱቄት አመጣለት።

«አሚኖ አሲድ ነው ጋሼ። ዩሪክ አሲዱን ጠራርጎ ያወጣልሃል።»

ጥጋቡ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጾም መሆኑን። ነው ሲባል በውሃ በጥብጦ ጠጣው። ምላሱ ደነዘዘ።

በሳምንቱ ሕመሙ ጠፋ። ጣቶቹ፣ ቀጥሎም ቁርጭምጭሚቱ የሌሉ ያህል ጸጥ አሉ፤ ጭንቀቱም አብሮ ጸጥ አለ። ቦት ጫማው እየሰፋው ሲሄድ እብጠቱ ጎደለ ብሎ ደስ እንዲለው ፈለገ፣ ደስታው ግን አልመጣም። በዚያ ቦርጭ ጎንበስ ብሎ እግሩን ካየ ቆይቷል፤ የምታጥብለት ሚስቱ ዘውድነሽም ለሱባኤ ገዳም ገብታለች።

በጾም የልኳንዳ ውሻ ይከሳል። የሰፈሩ ውሾች የጎድን አጥንታቸው ወጥቷል፤ የእሱ ቡቺ ግን ወፈረ። በሬ ባልገባበት ጨለም ባለ ሱቅ ትኩስ የደም ሽታ ይመላለስ ጀመር፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖም ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ያለ፣ እርጥብ የማኘክ ድምፅ ይሰማል። የድሮ አጥንት አግኝቶ ይሆናል እያለ መልሶ ያሸልባል።

ቅዳሜ የፋሲካው በሬ ታረደ። ዘውድነሽ ከገዳም ስትመለስ የሱቁ በር ላይ ቆመችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ጥጋቡ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?»

«በሬው ነዋ።»

«የበሬ ሽታማ አውቃለሁ። እግርህ እንዴት ሆነ?»

«ድኗል። ነገ ቆሜ ነው የምቆርጠው።»

ቀኝ እግሩን ከቦት ጫማው አውጥቶ እንደተቀመጠ ከበሬው ጉበት ቆረጠና ለቡቺ ጣለለት። ቡቺ ጉበቱን አሸተተ፣ ትቶትም እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ጥጋቡ ምንም ሳይሰማው ያ ቀስ ያለ ማኘክ እንደገና ጀመረ።