የጠላቂት ጎጆ

ጋሽ ኃይለየሱስ ጠመኔውን አስቀምጠው ሰኪናን ሲያስነሷት፣ ዘሀራ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ የለውም።

«ጎጆውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤» አሏት ሰኪናን። «ነካክተሽዋል?»

ሰኪና የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰላ ዳር፣ እነሰኪና ማሳ ግርጌ አንድ ኩሬ አለ። እዚያ ደግሞ ጡጫ የምታክል ወፍ ትኖራለች፤ ሰው ስታይ ውሃው ውስጥ እልም ትላለች፣ ጠብቃችሁ ጠብቃችሁ ሲሰለቻችሁ ወዲያ ማዶ ብቅ። ልጆቹ ጠላቂት ይሏታል። ጋሽ ኃይለየሱስ ስለወደዷት የሰባተኛ ክፍልን የግድግዳ ጋዜጣ ራሱ «ጠላቂት» ብለው ሰየሙት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወፏን ከነጎጆዋ የምትስለው፣ ስሟም የሚጻፍላት ሰኪና ነበረች። አማርኛ ተናገሪ ሲሏት ላብ የሚያጠምቃት ልጅ ናት፤ ስዕል ላይ ግን ማን ይደርስባታል? ሳምንቱን ሙሉ ደስታ እግሯን መሬት አላስነካውም።

ጎጆውን አስቀድማ ያሳየችው ለዘሀራ ብቻ ነው። ለማንም እንዳትናገር፣ እንዳትነካውም ወላሂ አስብላታለች።

ዘሀራም ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ግን ብቻዋን ሄደች። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። እናትየዋ የለችም። እንቁላሎቹ ላይ የበሰበሰ፣ እርጥብ ሣር ተከምሯል። እነዘሀራ ቤት ዶሮ የምትታቀፈው ደረቅ ጭድ ላይ ነው፤ በርዷቸው ይሞታሉ ብላ አንጀቷ አልቻለም። ሣሩን ገፍፋ ጣለችና ፀሐይ እንዲሞቃቸው ገልጣ ትታቸው መጣች። ደግ የሠራች መስሏት እየዘፈነች ነው ቤቷ የገባችው።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ጎጆውን ሊያይ ወረደ። ቅርፊት ብቻ። ቁራ በልቷቸዋል። እናትየዋ ስትወጣ በሣር የምትሸፍናቸው ከቁራ ለመደበቅ እንደሆነ ጋሽ ኃይለየሱስ ያኔ ነው ያስረዱት። ዘሀራ ክው አለች።

እና አሁን ሰኪና ሻሿን መጠምጠሙን ስትቀጥል ጊዜ፣ ስዕሉን ዘሀራ እንድትሠራው አዘዙ። ከኋላ አንዱ ሰኪና ጠብሳ በልታቸው ይሆናል አለና ክፍሉ ሳቀ። ዘሀራም ሳቀች። ለምን እንደሳቀች እሷም አታውቅም።

በእረፍት ሰዓት ሰኪና የቀለም እርሳሶቿን ይዛ መጣች።

«ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ አንገቷን ግን ቀላ አድርጊው» አለቻት።

«ለምን አልነካሁም አላልሽም?»

«እንጃ አቦ። አርብ ዕለት ለመሳል በጣም ተጠግቼ ነበር። እኔን ፈርታ ሳትሸፍን ሄዳ ይሆናል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የጨረስኳቸው እኔ ነኝ።»

ዘሀራ እርሳሶቹን አየቻቸው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሰኪና እንኳ አታውቅም፤ ሰኪና ጥፋቱን ወስዳ ጨርሳለች።

«አንቺ አይደለሽም» አለች። «ቅዳሜ ሄጄ የገለጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ሰኪና እርሳሶቹን ቀስ ብላ ወደ ደረቷ ሰበሰበችና ዞራ ሄደች።

ዘሀራ ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቆመች። ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል ዞረች።