የኋላዋ ጎማ

ሽቦ የሚሉትን ልጅ የሰደበው ባለዳቦ ቤቱ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ጠዋት፣ ቦታው እዚያው ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ተዘርግቶ ሳለ። ሽቦ ዳቦው መሞቁን ለማወቅ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው፤ ወንጀሉ ይኸው ነው።

«እጅህን አንሳ! የአባትህን የጋራዥ ግራሶ ልታበላን ነው?» አለና ሰውዬው ዳቦውን አንስቶ ሁሉም እያየ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው።

ሰልፉ ሳቀ። ከክፍሉ ልጆች አንዷ ሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ እሷም ሳቀች። እጁ ደግሞ ንጹሕ ነበር፤ በሳሙና ታጥቦ ነው የሄደው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል የሚሉ አሉ። የሚረሳው ሰዳቢው ነው።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ያው ሰውዬ የሽቦ አባት ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሆዱን አስቀድሞ ለሽያጭ የቀረበችውን መኪና ይዞራታል።

«እቺ ናት? ወይ ጉድ! እንዲህ ያለችውን የማውቀው በድሮ ፊልም ነው።»

መኪናዋ እውነትም ዓይን ትስባለች። አባቱ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሞተር አስገብቶ፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ የሠራት የውድድር መኪና ናት። ጣሪያ የላት፣ በር የላት፤ ፊቷ ላይ ሁለት ክብ መብራት እንደ እንቁራሪት ዓይን ፈጠው ይታያሉ። ጎማዋ ሦስት ነው፦ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ መሀል ላይ አንዲት። እሷ ከተሸጠች ግቢው ጣሪያ ያገኛል፤ አባቱም ዝናብ እየወረደበት መኪና ሥር መተኛቱን ይገላገላል።

ገዢ ሲሞክራት አብሮ የሚወጣው ሽቦ ነው። አባቱ አይሆንለትም። ሰው ማርሽ ሲያፋጭበት አንጀቱ እርር ይላል፤ አንዱን ገዢማ መንገድ ላይ አስወርዶ በእግሩ ሰዶታል። ስለዚህ ለልጁ አንዲት ትእዛዝ ሰጥቶታል።

«ሳይነሳ ንገረው። አራት ጎማ የለመደ ሰው ጉድጓድ ሲያይ በጎማዎቹ መሀል አሳልፎ ይሄዳል። እቺ ግን መሀል ላይ ሌላ ጎማ አለቻት። የፊቶቹ ያለፉትን የኋላዋ ትገባበታለች። ከዚያ በኋላ ሰውየውንም እሷንም ለቅሞ ማምጣት ነው።»

ሽቦ እስከ ዛሬ ለመጣው ሁሉ ነግሯል።

ባለዳቦ ቤቱ እንደምንም ተጨናንቆ ገባ። «እሺ ጎረምሳው፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ሽቦ። «ቀላል ናት፤ ይንዷት።»

ሞተሩ እያጓራ ወጡ። ሰውዬው በየሱቁ ደጃፍ እጁን ያወዛውዛል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በር ላይ ወጣ፤ ፀጉሩ የረጠበው ደንበኛም ተከትሎት ወጣ። «አያችሁኝ?» ይላል ሰውዬው፣ «አያችሁኝ?» ሽቦ ግን መንገዱን ወደ ፊት ያያል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የብረት ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። መኪናው ሁሉ በጎማዎቹ መሀል እያደረገ ያልፈዋል። የእነሱም መመለሻ በዚያ ነው።

«ተማሪ ነህ?»

«አዎ።»

«ጎሽ! ዳቦ ቤቴን ታውቀዋለህ አይደል? አንድ ቀን ብቅ በል፤ ትኩስ ዳቦ እጋብዝሃለሁ። ልጅ እወዳለሁ እኮ እኔ!»

ሽቦ ዞር ብሎ አየው። ያሾፍበት ይሆን? ሰውዬው ግን ከልቡ ነው። ያንን ቅዳሜ ጭራሽ አያስታውሰውም። እሱ ዓመቱን ሙሉ ይህን ፊት ተሸክሞ ሲዞር፣ ባለፊቱ ከቁብም አልቆጠረው። ንዴቱ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። ጉድጓዱ ውስጥ ይግባ፣ አለ በሆዱ። ጥርሱ ይርገፍ። ከጎኑ የተቀመጠው ራሱ መሆኑ ትዝ ያለው ቆይቶ ነው፤ የግቢው ጣሪያም ከዚያ በኋላ ትዝ አለው።

ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ እነግረዋለሁ አለ፤ ማደያው አለፈ። መታጠፊያው ጋ አለ፤ ታጠፉ። ቁልቁለቱ መጣ።

ጥቁሩ ክብ ከሩቅ ታየ። ሰውዬውም አይቶታል፤ እንደለመደው መሪውን አስተካክሎ ልክ መሀል ለመሀል አነጣጠረበት። ፉጨቱን እንኳ አላቋረጠም። የሽቦ ጣቶች የወንበሩን ቆዳ ጨመደዱ።

«ያዝ ወደ ቀኝ!» ሲል የገዛ ጩኸቱ አስደነገጠው። «ቀኝ በል! መሀል አታስገባው!»

ሰውዬው ደንግጦ ጠመዘዘ። ጉድጓዱ በግራ በኩል ለጥቂት አለፈ፤ መኪናዋ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ታክካ ቆመች፤ ሞተሩ ጠፋ።

«አንተ» አለ ሰውዬው ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ያዝ አልከኝ? እኔን? ለአንዲት ጉድጓድ? አንተ ሳትወለድ መሪ የያዝኩትን ሰውዬ!»

 ሞተሩን እንደገና አስነሳና ወደ ጋራዡ ተመለሱ።

አባቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ይጠብቃል። መኪና ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ባለዳቦ ቤቱ ሳይወርድ ወሬውን ጀመረ።

«መኪናዋን ወስጃታለሁ፤ አለቀ! ልጅህ ግን፣ አትቀየመኝና፣ ቦቅቧቃ ነው። ጉድጓድ አይቶ እንደ ሕፃን እሪ አለብኝ!»

የተቀመጡት ሳቁ። አባቱ አልሳቀም፤ ልጁን አየው።

ሽቦ አፉ ድረስ የመጣ መልስ ነበረው። የሰውዬውን ሳቅ በአንድ ጊዜ ጸጥ የሚያደርግ መልስ። ግን እሱን ከተናገረ ከመነሻው ሆን ብሎ ዝም እንዳለም መናገሩ ነው፤ ያውም አባቱ ፊት። ዋጠው፤ ግን ሰውዬው ከዚህ በኋላ ብቻውን ሊነዳት ነው።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጉድጓድ ሲያዩ መሀል አያስገቡት። የኋላዋ ጎማ መሀል ላይ ናት፤ ትገባበታለች።»

ሰውዬው ከመኪናዋ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን አየ። ቀጥሎ የመጡበትን መንገድ አየ። ቅድም በሳቅ ፊቱን ያቀላው ደም የት እንደገባ እንጃ።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ለምን አልነገርከኝም?»

አባቱም መጥረጉን አቁሞ መልሱን ይጠብቃል። ሽቦ ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደና በግቢው በር ወጥቶ ሄደ።