ሁለተኛው ጉርሻ

ኢንስፔክተር ሌሊሴ ቢቂላ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮልፌ ወዳለው ለቅሶ ቤት ስትገባ ቀድሞ ዓይኗን የያዘው ሰው ሳይሆን ምግብ ነበር። ጎረቤት ልማዱን አልዘነጋም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በየድስቱ ሆኖ ድንኳኑ ጥግ ተደርድሯል። የነካው ግን የለም። ለቀስተኛው ክዳን እንኳ ሳይከፍት ተቀምጧል፤ በዚህ ቤት የቀረበ ምግብ ትናንት ሰው ገድሏልና።

የሞተው አማኑ የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ብረት በያጅ ነው። ሰንበቱ የዐቢይ ጾም ሰንበት ስለነበር ከሚስቱ ከሳምሪ፣ ከአማቱና ከሚስቱ ወንድም ጋር አንድ ትሪ ከበው የጾም ክትፎ በሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የአማኑ ከንፈር አበጠ፣ ጉሮሮው ተዘጋ፤ በላዳ ታክሲ ተጭኖ አየር ጤና ሳይደርስ ትንፋሹ ቆመ። ሦስቱ ምንም አልሆኑም። ምንም አለመሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አስፈራቸው፤ ሌሊቱን እያንዳንዳቸው የገዛ ጉሮሯቸውን ሲዳብሱ አደሩ።

«ገዳይዋ እዚሁ ቤት ውስጥ ናት!» አለ ደግፌ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዘነበወርቅ ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ለፖሊስ ያመለከተውም እሱ ነው። «የከምባታ ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው ብለው ገና ከጅምሩ አልወደዱትም። ያበሰለችው ሚስቱ፣ ያጎረሱት አማቱ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ ኢንስፔክተር? ሳምሪን ይውሰዱልኝ!»

«አቶ ደግፌ፣ አንድ ትሪ የበሉት አራት ሰዎች ናቸው። አንዱን መርጦ የሚገድል መርዝ እስካሁን አላጋጠመኝም» አለች ሌሊሴ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ግን ምግቡን የሠራችው እሷ ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካላገኘሁ ጣቢያ መውሰዴ አይቀርም።»

ሳምሪ ይህን ከመጋረጃው ጀርባ ሰማች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከትናንት ወዲህ ውኃ እንኳ በአፏ አልዞረም። ሌሊሴ መኝታ ቤት ገብታ አጠገቧ ስትቀመጥ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ነበር።

«እንዴት ሠራሽው?»

«እንደሌላው ጊዜ። አንድ ፓኬት የሶያ ሥጋ በፍል ውኃ ዘፈዘፍኩ፣ ጨምቄ ፈጨሁት። ዘይት፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ፤ በቃ። ከድኜው ፀጉሬን ልታጠብ ባኞ ገባሁ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየሳምንቱ በልቶታል፤ ሶያ ምንም አድርጎት አያውቅም።»

«የማይስማማው ነገርስ?»

«ኦቾሎኒ። ከልጅነቱ ጀምሮ። አንዴ ቆሎ ውስጥ የገባች አንዲት ፍሬ ፊቱን እንደ ድፎ ነፋችው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ግቢ ኦቾሎኒ ገብቶ አያውቅም።»

«ሲበላ ምን አለ?»

ሳምሪ እንባዋ መጣ። «እማዬ ሽማግሌ የመጣ ቀን ‹የሱን ምድጃ አልነካም፣ በእጄም አላጎርሰውም› ብላ ምላ ነበር። ሁለት ዓመት መሐላዋን ጠበቀች። ትናንት ግን በድንገት ጠቅልላ አጎረሰችው። ሁላችንም ደነገጥን። እሱ እየሳቀ ‹ከንፈሬን አሳከከኝ› አለ። ወንድሜ ማርቆስ ‹ሚጥሚጣው ነው፣ ወንድ ሁን› አለው። እማዬም ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል› ብላ ሁለተኛውን ጠቀለለች። ሁለት ዓመት የጠበቀውን እንዴት እንቢ ይበል?»

ሌሊሴ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ቃል ጻፈች፤ ማሳከክ። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ አያሳክክም።

የሳምሪ ወንድም ማርቆስ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል። ለጥያቄ ሲቀርብ በዚያ ሙቀት ኮቱን አላወለቀም፤ ቀኝ እጁም ከኪሱ አልወጣም።

«እጅህ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አውጣው።»

ማርቆስ ሲያወጣ የተጠቀለለ ጋዜጣ አብሮ ወደቀ፤ ከውስጡም ግማሽ እፍኝ የተቆላ ኦቾሎኒ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ደግፌ ዘሎ አንገቱን ሊያንቀው ሲል ሁለት ሽማግሌዎች ያዙት።

«ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ የበላሁት ነው! በእግዜር!» አለ ማርቆስ። «ኪሴ ውስጥ እንዳለ ያስታወስኩት ማታ ነው። ጎረቤት ሲያየኝ ብጥለው ምን ይለኛል? ባልጥለውስ? ትናንት ከምሳ በፊት እጄን ታጥቤ እንደሆነ ላስታውስ ስሞክር ነው ያነጋሁት። አልወደውም ነበር፤ አልዋሽም። ግን እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ትናንት ይህን ኮት ነው የለበስከው?»

«ከቅዳሴ ነው የመጣሁት፤ ጋቢ ነበር የለበስኩት።»

«እጁን ታጥቧል» አለች ሳምሪ ከበሩ። «እኔ ነኝ ያስታጠብኩት። ሁሉንም።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ማርቆስ ግን የፈራውም የጠላውም ባንድ ቀን ተደራርበው መጡበት። ሌሊሴ ወደ ማድቤት ሄደች።

እዚያ ድስቱ ባዶ ነበር። ሳምሪ ግማሹ ተርፎ እንደነበር ተናግራለች። ተከትሏት የገባው ደግፌ «ይኸው! ማስረጃውን አጠፉት!» ብሎ ጮኸ።

«ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ይደፋል፣ ድስቱንም ያጥባል» አለች ሌሊሴ ጎንበስ ብላ። «ይህ ድስት በእንጀራ ተጠርጎ ነው የተበላው። ፍርፋሪውን ይዩት። ሰው ከገደለ ድስት ማን ተነሥቶ ይበላል?»

ደግፌም ጎንበስ ብሎ ፍርፋሪውን አየ። ፊቱም ገረጣ።

ሌሊሴ ከድስቱ አፍ ላይ የቀረውን በጣቷ ፈተገችው። ሶያው ቡናማ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ግን ቢጫ ድቃቂ አለ፤ እንደ ባቄላ ገለፈት ያለች ስስ ልጣጭም ጣቷ ላይ ተጣበቀች። አራት ሰው ከበላው አንድ ፓኬት ሶያ ግማሽ ድስት እንደማይተርፍም አሰበች። ከዚያ በጓሮ ወጣች። ቧንቧው ሥር ባልዲ ተደፍቷል፣ አጠገቡ ያልደረቀ ጆንያ ተሰጥቷል። ከባልዲው ጠርዝ የቀረውን ጠብታ በምላሷ ነካችው። ምሬቱ ፊቷን አጨማደደው። ጎጃም ፍኖተ ሰላም ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ይህን ምሬት ታውቀዋለች።

አስከሬኑን ለመረመረው ሐኪም ስልክ ደወለች። ሐኪሙ የመርዝ ምልክት እንዳላየ፣ ጉሮሮው ግን አብጦ እንደተዘጋ ነገራት። አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። እሱም «አዎ፤ ይሆናል። በጣም ይሆናል» አለ።

የሳምሪ እናት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው የሰዉን ደረት እያዩ ነበር፤ አንዱ ሲያስል ይደነግጣሉ።

«እማማ፣ ከትናንት ወዲህ እህል ቀምሰዋል?»

«ምን ጉሮሮ አለኝና ልጄ።»

የነጠላቸው ጫፍ ላይ ግን የሚጥሚጣ ዘይት ነበረበት።

ስድስት ሰዓት ሲል ሌሊሴ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ሳምሪ ቦርሳዋን ይዛ መጣች፤ ወደ ጣቢያ የምትሄድ መስሏት አንድ ጋቢና የእርግዝና ክትትል ካርዷን ከታለች። ያን ቦርሳ ያየ ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ቦርሳውን አስቀምጪው» አለች ሌሊሴ። «አራት ሰዎች አንድ ምግብ በልተው አንዱ ብቻ ከሞተ፣ ጥያቄው ምግቡ ውስጥ ምን ነበር የሚለው ብቻ አይደለም፤ እሱ ከሌላው በምን ይለያል የሚለውም ነው። አማኑ በኦቾሎኒ ይለያል። የማርቆስ ኦቾሎኒ ግን ከነልጣጩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጁም ታጥቧል፤ ሰው የገደለበትን ዕቃ በኪሱ ይዞ ለቅሶ የሚቀመጥ ደግሞ የለም። እኔም ድስቱ ውስጥ ኦቾሎኒ አላየሁም። ያየሁት ሳምሪ ያላስገባችውን ነገር ነው። ሳምሪ ባኞ በነበረችበት ጊዜ ሌላ እጅ ድስቱን ነክቷል።»

ሌሊሴ ወደ ጓሮው አመለከተች።

«ያ ሰው አንድ ነገር በጆንያ አድርጎ፣ ውኃ እየቀያየረ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ዘፍዝፏል። የሚገድል ሰው መራራውን አያጣፍጥም። ትናንት ማታ ደግሞ የተረፈውን ጠርጎ በላው። ያስገባውን የሚያውቅ፣ መግደሉን ግን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። እማማ፣ ግብጦውን ስንት ቀን ዘፈዘፉት?»

«ግብጦ ምንድን ነው?» አለ ደግፌ።

«አዩ? ወንድምዎም እንደርስዎ አያውቀውም ነበር። ጎጃም ግን ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው መራራ ጥራጥሬ ነው።»

ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አምስት ቀን» አሉ። «ወንድሜ ነው ከጎጃም የላከልኝ። አማኑ ለሚስቱ ‹ይሄ ሶያ ካርቶን ካርቶን ይላል› ሲላት ከክፍሌ ሆኜ በግድግዳ ሰማሁ። እየሳቀ ነው ያለው። ልጁ ደግ ነው፤ ሁለት ዓመት ፊት ስነሳው አንድ ቀን አልመለሰልኝም። ቀቀልኩት፣ ላጥኩት፣ ፈጨሁትና ቀላቀልኩለት። ሽማግሌ ፊት ምዬ ምድጃውን ስነካ ቢያዩኝ ብዬ አፈርኩ። ማታ ምሬቱ አልለቀቀም ይሆን አልኩ። በኔ እጅ ከሞተ እኔም ልሙት ብዬ በላሁት።» ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። «አልሞትኩም። እንግዲያው ግብጦው አይደለም አልኩ። ከዚያ... ከዚያ አንቺን ፈራሁሽ ልጄ። ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።»

ሳምሪ ያላስቀመጠችው ቦርሳ ከእጇ ወደቀ።

«ግብጦና ኦቾሎኒ ዘመዳሞች ናቸው» አለች ሌሊሴ በቀስታ። «ኦቾሎኒን የማይቀበል ሰውነት አንዳንዴ ግብጦንም አይቀበልም። ለእርስዎ ምግብ ነው፤ ለሱ ግን... እሱም አላወቀም፣ እርስዎም አላወቁም። የሐኪሙ የመጨረሻ ውጤት ይጠበቃል፤ እኔ ግን ነፍሰ ገዳይ አላገኘሁም ብዬ ነው የምጽፈው። ሳምሪ፣ ልጁ ሲወለድ ይህን ለሐኪም መንገር አለብሽ። የአባቱን ሊወርስ ይችላል።»

ደግፌ እጁን የሚያሳርፍበት ጠላት አጥቶ ፈዘዘ። ከዚያ ወለተጻድቅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። «እኔም ብሆን እበላው ነበር» አለ። «አማቴ ካጎረሰችኝ እኔም እበላው ነበር።»

ሌሊሴ ልትወጣ ስትል የሳምሪን የደረቀ ከንፈር አይታ ቆመች። «እህል ቅመሺ። ብቻሽን አይደለሽም።»

«እፈራለሁ» አለች ሳምሪ።

ወለተጻድቅ ተነሥተው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ አንድ ድስት ብድግ አደረጉ። «የማን ነው ይሄ?» አሉ። አንዲት ጎረቤት እጇን አወጣች። «ምን ምን ገብቶበታል?» ለቅሶ ቤት ምግብ ላመጣ ሰው ይህ ስድብ ነው፤ በኮልፌ ታሪክ ተጠይቆም አያውቅ ይሆናል። ሴትየዋ ግን አልተቀየመችም። እየቆጠረች ነገረቻቸው።

ምስሩን ከእንጀራ ጋር በሰሃን ይዘው ተመልሰው ልጃቸው ፊት ተንበረከኩ። «ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ጨው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።»

ሳምሪ አፏን ከፈተች። ወለተጻድቅ አጎረሷትና እጃቸውን ሰብስበው ከንፈሯን ትክ ብለው ያዩ ጀመር። ደግፌም፣ ማርቆስም፣ ኢንስፔክተሯም ያዩ ነበር። ሳምሪ አኘከች፤ ዋጠች። ሰዓቱ ሄደ፤ ምንም አልሆነችም። እናትየው ግን ሁለተኛውን ለመጠቅለል እጃቸውን ወደ ሰሃኑ መላክ አቃታቸው።

«እማዬ» አለች ሳምሪ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ወለተጻድቅ እንጀራውን ቆረሱ።