የጾም ማኪያቶ

ዘካርያስ አዲስ በተከፈተው የካሲኖ የፖከር ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ከፊቱ ግማሹ የተጠጣ ማኪያቶ ነበር። የተሠራው በአልመንድ ወተት ነው፤ አልመንድ ጉሮሮውን እንደሚዘጋው ደግሞ የማያውቅ ወዳጅ አልነበረውም።

መርማሪ ሸዋረጋ ስትደርስ ባልደረቦቿ ጥፋተኛ አግኝተው ጨርሰዋል። ማኪያቶውን የሠራችው አስተናጋጅ ሔርሞን ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ታለቅሳለች። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ልትከሰስ ነው። ሸዋረጋ በገነች። የሚያለቅስ ሰው ሲገኝ መጠየቅ የሚያቆም ፖሊስ አይጥማትም።

ሔርሞን እንደምትለው፣ ያዘዛት የሟቹ ጓደኛ ዮአብ ነበር፤ አንዱን በወተት ለዘካርያስ፣ አንዱን በአልመንድ ለራሱ። ስኒዎቹን ይዞ የሄደውም እሱው ነው። ዮአብ ግን ለዘካርያስ «የጾም» ብቻ ብሎ እንዳዘዘ፣ ከአጃና ከአልመንድ ወተት አልመንዱን የመረጠችው እሷ እንደሆነች ተናገረ። ሕፃን ሳለ ከአገር ቤት ወደዚህ ወደ ኮሎምበስ መጥቶ በፕሮቴስታንት ቤተሰብ ያደገ ለስላሳ ሰው ነው። ሸዋረጋ ሲያወራ የምታየው እጁን ነበር። የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎታል።

የሟቹ ሚስት ብርነሽ ከሚኖሩበት ሰፈር ከኖርዝላንድ መጣች። ባሏ ምሳውን ክትፎ በልቶ፣ ግን ከፍቶት እንደወጣ ነገረቻት። አብሮት የሚጫወት አንድ ሰው ካርዶቹን በጥፍሩ ምልክት ሲያደርግባቸው አይቷል። ሰውዬው ራሱ ካልተናገረ እሱ ሊናገርበት ነበር፤ ስሙን ግን ለእሷም አልነገራትም።

ሸዋረጋ ካርዶቹን አስመጥታ ካየች በኋላ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ዮአብ፣ የጾም አምጣልኝ ያለህ ራሱ ነው?»

«አዎ እትዬ ሸዋረጋ፣ በራሱ አፍ። ረቡዕ አይደል? ዛክ ረቡዕና ዓርብን ስኪፕ አያደርግም።»

ብርነሽ ቀና አለች። ሸዋረጋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው» አለች። «እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ክትፎ በልቶ የመጣ ሰው የጾም ማኪያቶ ምን ያደርግለታል? እንግዲህ ይህን ወሬ የፈጠርከው አንተ ነህ። ከፈጠርከው ደግሞ እውነቱን የተናገረችው ሔርሞን ናት። አልመንዱን ለራሴ ብለህ አዘዝክ፣ ስኒዎቹን አቀያየርክ፣ ጥፋቱ በእሷ እንዲላከክ ጾምን ምክንያት አደረግክ። ካርዶቹ ላይ ያለው ጭረት ከአውራ ጣትህ ጥፍር ጋር ይገጥማል። ዘካርያስ አይቶህ ነበር።»

ሔርሞንን ይጠብቅ የነበረው ፖሊስ ተነስቶ ዮአብ አጠገብ ቆመ። ዮአብ ለማስተባበል አልሞከረም። የገረመው ሌላ ነገር ነበር።

«ጠዋት ኮል ሳደርግለት ‹ዛሬ ፍስክ ነው› አለኝ። ፍስክ... ጾም ማለት መስሎኝ።»

ብርነሽ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

«ለፋሲካ እኛ ቤት ነበርክ» አለችው። «ባሌ ነው በገዛ እጁ አጉርሶ ያስፈሰከህ።»

ዮአብ ወደ ሸዋረጋ ዞረና «ያስፈሰከህ» ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃት።