ሦስት ጊዜ «ቀጥል»

የጤና ጣቢያው ሰርቨር የሚገኘው ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው። ቴክኒሻኑ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ወገቡ ደርቋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የነበረበት ዲስክ ተቃጥሎ በአዲስ ተተክቷል፤ የቀረው ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው። የሕመምተኞች መዝገብ ያለበት ሁለተኛው ዲስክ ደህና ነው፤ ቅጂ ግን የለውም።

ባለ ሥዕሉ የመጫኛ ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ደርቆ ቀረ። ሁልጊዜም እዚያው ላይ ነው፤ ዲስክ የሚመረጥበትን ገጽ አልፎ፣ መጫኑን ሳይጀምር።

«አሁንም?» አሉ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ጡረታ የቀረባቸው ሴት፣ በበሩ ብቅ ብለው።

«ማሽኑ አርጅቷል እትዬ። ሜሞሪው አልበቃውም።»

«እንደ እኔ ነዋ» አሉ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው። « ታዲያ እዚህ ታች ‹ሜሞሪ ካነሰ በጽሑፍ ብቻ ጫን› ይላል እኮ።»

«ይተዉኝ እስቲ! ሥዕል እያለ ማን ፊደል ይለቅማል? ይህን ሥራ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው።»

«መጨፈንህንስ እያየሁት ነው» አሉ። «ውጭ አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠላትን ልጇን ታቅፋ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብላለች። ባለፈው አንድ መድኃኒት የልጅቷን ፊት አሳብጦት ነበር፤ እናትየዋ ስሙን አታስታውስም። ሐኪሙ ካርዷን ሳላይ መርፌ አላዝም ብሏል።»

ቴክኒሻኑ በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራው ከእነዚያ ገጾች አንዱንም አንብቦ አያውቅም፤ «ቀጥል»ን እየተጫነ ነው የኖረው። ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ግን ካላነበቡት አያሳልፍም።

አምኖበት ሳይሆን ደክሞት የጽሑፉን መረጠ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡለት ጀመር፤ እሱም ይመልሳል። ቋንቋ፣ ሰዓት፣ የይለፍ ቃል። ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ።

«‹ሁለት ዲስኮች ተገኝተዋል። የተመረጠው ሙሉ በሙሉ ይደመሰሳል። የተመረጠው፦ ትልቁ።› ትልቁ የቱ ነው ወንድሜ?»

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። አዲሱ ዲስክ ትንሹ ነው።

«የመዝገቡ ነው» አለ።

ባለ ሥዕሉ ገጽም ይህንኑ ጠይቆት ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ ሦስት ጊዜ «ቀጥል» አለው። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ካርድ የተረፈው በአሮጌው ማሽን መድረቅ እንጂ በእሱ ብልሃት አልነበረም።

«ምነው፣ ላብ አጠመቀህ?»

«እትዬ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እንደገና ያንብቡልኝ።»

በዚህኛው ትንሹን ዲስክ መርጦ ጫነ፤ ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ካርድ ተከፈተ። የመድኃኒቱ ስም በቀይ ተጽፏል፤ ሐኪሙ ሌላ አዘዘ። እናትየዋ ምን እንዳለፋት ሳታውቅ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ቴክኒሻኑም የመዝገቡን ቅጂ ሳያስቀምጥ ከወንበሩ አልተነሣም።

ሥዕሉም ጽሑፉም ጥፋት የለባቸውም፤ ሁለቱም ይጠይቃሉ። የምንፈርመውን ወረቀት፣ የምንጫነውን ቁልፍ ሳናነብ «ቀጥል» የምንል እኛ ነን። የሚደርቅልን ማሽን ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።