ሦስተኛውና ስድስተኛው ብረት

ሟቹ የጡብ ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚወድቅ በኮምፒውተር የሚያሰላ ሰው ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ግንብ እየተነቃነቀ በሚፈተንበት መድረክ ላይ ተንበርክኮ መለኪያ ሲያስተካክል ለሙከራ የተሠራው ግንብ ወረደበት።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ አብረውት የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ሊበላሉ ደርሰዋል። ሬሳ ወጥቶ እንኳ ነገር አይበርድላቸውም።

«ባሌን የገደለው ይሄ ነው» አለች ሚስቱ፣ ግንቡን የሠራውን ግንበኛ እያሳየች። መድረኩን የምታነቃንቀው እሷ ናት። «የለቀቅኩት ንዝረት ብርጭቆ አይደፋም።»

«ሠላሳ ዓመት ገንብቻለሁ፤ አንድም አልወደቀብኝ» አለ ግንበኛው። «እኔን አስራችሁ ልጄን ማን ሊያሳድግ ነው?»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከት ብሎ ሳቀ። «ሲሚንቶ አጓድሎ ነው። ደንባችን ነው፤ ግንብ በወደቀ ቁጥር የኮምፒውተሩን ግንብ እንደዚያው እስኪወድቅ እናርመዋለን። አምስት ሰዓት ላይ አረምኩት። ሲሚንቶውን ሳሳንሰው ልክ እንደ እውነተኛው ወደቀ።»

«ሟቹ ሰሞኑን ምን ይሠራ ነበር?»

«የአንድ ትምህርት ቤት ስሌት» አለች ሚስቱ። «ነገ ሊያቀርበው ነበር።»

መርማሪዋ ያልተነካውን ፍርስራሽ አስነሳች። ግንቡን ከጀርባ የሚይዙት ስምንት ብረቶች በልስን ተሸፍነዋል። ሁለቱ በመጋዝ ተቆርጠው ተመልሰው ተለስነዋል። ለማንም ሳትናገር ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«እህቴ፣ የታረመውን ክፈቺው። ሲሚንቶው ቀንሷል?»

ሚስቱ ቁጥሮቹን ደጋግማ አየች። «አልተነካም።»

«ብረቶቹስ?»

«ሦስተኛውና ስድስተኛው ጠፍተዋል።»

«የተቆረጡት እነሱ ናቸው፤ እኔ ያየኋቸው አሁን ነው» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ፍርስራሹ ሳይነሳ አምስት ሰዓት ላይ ከየት አወቁ?»

ኃላፊውን ላብ አጠመቀው። «በሲሚንቶው አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አወዳደቁ እምቢ አለኝ፤ ሁለቱን ብረቶች ሳወጣ ገጠመ። ከግንቡ ጋር ያልገጠመ ስሌት አስቀምጬ አላውቅም።»

መርማሪዋ የሟቹን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እርስዎ ደህና ነው ብለው የፈረሙበት ትምህርት ቤት በትንሽ ንዝረት ይወርዳል ይላል። ይሄ እንዳይወጣ ነው የገደሉት።»

ግንበኛው ከወረቀቱ ጋር የተያያዘውን የትምህርት ቤቱን ፎቶ አንስቶ ቀረብ አድርጎ አየው።

«ልጄ የምትማርበት ነው» አለ። ወደ ኃላፊው ዞረ። «እኔን አሳስረህ፣ እሷን እዚያ ልትተዋት ነበር? ዓይንህን በጨው ታጥበህ?»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ የደወለችው ለትምህርት ቤቱ ነበር።

«ነገ ጠዋት በሩን እንዳትከፍቱ» አለች።