ከውሃው አጠገብ ያለ ክፍል

የወይዘሮ እኅተማርያም አስከሬን የተገኘው ሮቤ መሀል ከተማ ባለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ኢንስፔክተር ሰይዳ ስትደርስ ገና ረፋድ ነው። ከዋናው መንገድ የባጃጅ ጥሩምባና የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል፤ ጓሮው ውስጥ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ አልነበረም።

ሰይዳ ነጠላውን ከሟቿ ፊት ከማንሳቷ በፊት እጃቸውን አየች። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ውስጥ አረንጓዴ የቀለም ፍርፋሪ ገብቷል። አንደኛው ጥፍር ተገንጥሏል።

«ከላይ ካለው ካፌ በረንዳ ነው የወደቁት» አላት ረዳቷ ጫሊ። «የካፌው ባለቤት ደጀኔ ራሳቸውን አዙሯቸው ነው ይላል። እኔ ግን የጉዞ ወኪሉን ነው የጠረጠርኩት። ቦርሳቸው እሱ ቢሮ ነው ያለው።»

ሰይዳ ቀና ብላ በረንዳውን አየች። መደገፊያው ብረት ጥቁር ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጉዞ ወኪሉ ሳላሀዲን ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ሳላሀዲን?» አለችው፣ ደህንነቱን በኦሮምኛ እየጠየቀች።

«አልሐምዱሊላህ… ምን ደህና አለ ብለሽ ነው ወላሂ!»

«ሴትዮዋ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«የመርከብ ክፍል ሊመርጡ። ልጃቸው ኪሩቤል በመንገደኞች መርከብ ላይ ሲሠራ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው የቀረው። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ‹ልጄ የቀረበትን ውሃ ሳላይ አልሞትም› ብለው፣ እሱ በሠራበት መርከብ ሊሻገሩ ነበር።»

«መረጡ?»

«መረጡ። እኔ ከላይ ያለውን፣ ባለበረንዳውን አቀረብኩላቸው። ‹ተው፣ ከውሃው አጠገብ ያለውን ስጠኝ› አሉ። ከመንገደኞች ክፍል ሁሉ የመጨረሻውን ታች ያዝኩላቸው። ማዕበል ሲመጣም ታችና መሀል ያለው ክፍል ነው ብዙ የማይናወጠው።»

«ለምን ታች እንደፈለጉ ነገሩዎት?»

«ልጄ ወደተኛበት ይቀርባል ብለው። መጀመሪያማ የጠየቁኝ የልጃቸውን ክፍል ራሱን ነበር። የሠራተኞች ክፍል ለመንገደኛ አይሰጥም፣ ከውሃው በታች ነው አልኳቸው። ‹መስኮቱስ?› አሉኝ። መስኮት የለውም ስላቸው እንደገና አስደገሙኝ። ከዚያ ብድግ ብለው ወጡ። ቦርሳቸውን እንኳ ረሱት።»

ቦርሳው ወንበር ላይ ነበር። ወንበሩ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል።

«ይህን ወንበር ማን አዞረው?»

«እሳቸው ናቸው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቀመጡት። ለአውሮፕላኑም ከመስኮት አርቀኝ ብለው አደራ ብለውኛል።»

የሟቿ ልጅ ልደት ከጎባ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰይዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጠዋት ከእናትሽ ጋር ተጣልታችሁ እንደነበር ጎረቤት ነግሮናል።»

«አዎ፣ ተጣልተናል። ይህ ጉዞ ሐዘንሽን ከመቆስቆስ በቀር ምን ይጠቅምሻል አልኳት። ሳልሰናበታት ወደ ሥራ ሄድኩ። አሁን ማንን ነው ይቅርታ የምለው?»

«ወንድምሽ እንዴት እንደሞተ ማን ነገራችሁ?»

«ደጀኔ። መርከቡ ላይ አንድ ክፍል ነበሩ። ኪሩቤል አየር ላግኝ ብሎ የክፍላቸውን መስኮት ከፍቶ ብቅ ሲል ማዕበል ወሰደው፤ እኔ ተኝቼ ነበር አለን። ደጄ ሲመለስ እማዬ በወንድሜ ቦታ ነው የተቀበለችው። በዓል ያለሱ አይበላም። ካፌውንም መርቃ የከፈተችለት እሷ ናት፤ ያውም ታች ደረጃው ሥር ቆማ።»

«ለምን ወደ ላይ አልወጡም?»

«ከፍታ ትፈራለች። ብቅሏ እንኳ ሰገነት ላይ ቢሰጣ አትወጣም።»

ሰይዳ ተነሥታ ወደ ካፌው ወጣች።

ደጀኔ ዓይኑ ቀልቷል። ከሰኔቲ ደጋ በኩል የሚመጣው ነፋስ የበረንዳውን ጠረጴዛ ልብስ ያራግበዋል። ወደ በረንዳው የሚያስወጣው በር መቃን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ በአንድ በኩል እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ አዲስ የጭረት ምልክት አለው።

«ደስ ብሏቸው ነበር የመጡት» አለ ደጀኔ። «ገና ደንበኛ አልገባም። ‹ላይኛውን ክፍል መረጥኩ፣ በረንዳ ያለውን፤ እዚያ ቆሜ ባሕሩን አየዋለሁ› አሉኝ። እንዲህ ብረቱን ተደግፈው ተራራውን ሲያዩ ሻይ ላመጣ ገባሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

«ላይኛውን መረጥኩ ያሉት በራሳቸው አንደበት ነው?»

«በራሳቸው አንደበት።»

ሰይዳ ብረቱ አጠገብ ቆመች። ደረቷ ድረስ ይደርሳል። ሟቿ ደግሞ ከእሷ ያጥሩ ነበር።

«ጫሊ» አለች፣ «ልደትንና ኦቦ ሳላሀዲንን ጥራልኝ።»

ሦስቱም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። ጫሊ በሩን ይዞ ቆመ። ሰይዳ ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች።

«ወይዘሮ እኅተማርያም ዛሬ ጠዋት ክፍል መርጠዋል፤ የታችኛውን። ደጀኔ ግን ላይኛውን፣ ባለበረንዳውን መርጠዋል አለኝ። ይህን ከእሳቸው ሊሰማ አይችልም። የፈጠረው ነው። ለምን? ከፍታ የሚወዱ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ብረት የሚደገፉ ሴት አድርጎ ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው።»

«ምናልባት እኔ በደንብ አልሰማሁም ይሆናል» አለ ደጀኔ።

«ይሁን። ጀርባቸውን ለመስኮት ሰጥተው የሚቀመጡ ሴት ግን ይህ ብረት ጋ አይቆሙም። ቢቆሙም ደረት የሚደርስ ብረት ራስ ያዞረውን ሰው አያሳልፍም፤ ራሱ የዞረበት ሰው እዚያው ነው ቁጭ የሚለው። ጥፍራቸው ውስጥ ያለው ቀለም አረንጓዴ ነው፤ ብረቱ ጥቁር ነው። መቃኑን ግን እዩት። እየተጎተቱ ሲወጡ የሙጥኝ ያሉት እሱን ነው።»

ልደት ዞራ መቃኑን አየች። እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

«ግን ደጄ ለምን?» አለች። «እንደ ልጇ…»

«ከፍታ የሚፈሩ እናት ቦርሳቸውን ረስተው አራተኛ ፎቅ የወጡበት ምክንያት ነዋ። የሠራተኞቹ ክፍል መስኮት እንደሌለው ኦቦ ሳላሀዲን ነገሯቸው። ታዲያ ልጃቸው በየትኛው መስኮት ነው ብቅ ያለው? ይህን ሁሉ ዓመት ያመኑት ታሪክ ውሸት እንደሆነ ገባቸው። ሊጠይቁት ወጡ። ደጀኔ፣ ምን ብለው ጠየቁህ?»

ደጀኔ ወደ በሩ አየ። ጫሊ ወደ እሱ ተጠጋ።

«‹ልጄን የት ጣልከው?› አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔ አልገደልኩትም! ማዕበል ተነሥቶ ነበር። የመርከቡ ላይኛው ወለል ላይ ያሉትን ወንበሮች እንዳስር የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ፈራሁ። አሞኛል አልኩት። እሱ ሥራውን ጨርሶ ገብቶ ነበር፤ በእኔ ፋንታ ወጣ። አልተመለሰም።»

«ይህንኑ ብትነግራቸው ኖሮ?»

«ነገርኳቸው። ዛሬ ነገርኳቸው። ‹ማዕበሉን ስለፈራህ አልቀየምህም። በእሱ ወንበር ተቀምጠህ ስትበላ ዝም ማለትህን ግን አልችለውም፤ ለልደት አሁኑኑ ንገራት› አሉኝ። ስልካቸውን አወጡ። ክንዳቸውን ያዝኩ… ከዚያ በኋላ ራሴን አላውቅም፤ ጎትቼ ከብረቱ በላይ ወረወርኳቸው።»

ሳላሀዲን «ኢናሊላሂ» ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሰይዳ ለጫሊ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው ሲቆለፍ ደጀኔ አልተቃወመም።

ልደት መንገዱን ዘጋችበት። ጫሊ ሊያስወግዳት ሲል ሰይዳ ከለከለችው።

«ኪሩቤል ሲወጣ» አለች ልደት፣ «ምን አለህ?»

ደጀኔ መሬት መሬቱን አየ።

«‹አንተ ተኛ› አለኝ። ‹እኔ አሁን እመጣለሁ› አለኝ።»

ልደት ከመንገዱ ዞር አለችለት። ወርደው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ እዚያው በረንዳው ወለል ላይ ተቀመጠች፤ እናቷንም ወንድሟንም እየጠራች አለቀሰች።